ሰበባችንን እንፈትሽ

 

«አላህን የማምጸው ስለሚጥመኝ ነው» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምናልባት አንድም የለም። «ድካም በዝቶብኝ ነው»፣ «ጊዜው ከፍቶ ነው»፣ «የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ»፣ «ከረመዳን በኋላ እተወዋለሁ»፣ «አላህ እንደሆነ መሐሪ ነው» የሚል ግን ሞልቷል። እኛም ራሳችን ከነዚሁ ሰዎች መካከል ነን። ነፍስያችን አንድ ነገር ስትመኝ ምኞቷን እርቃኑን አናወጣውም፤ የሚያምር ሰበብ እናለብሰዋለን። ከዚያም በኋላ ምኞቱን ረስተን ልብሱን ብቻ እናያለን።

ሌላውን ሰው ለመዋሸት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ዋሾ፣ ሌላው ተታላይ። ራስን ለማታለል ግን አንድ ሰው ይበቃል። ዋሾውም እርሱ፣ አማኙም እርሱ፣ ምስክሩም እርሱ፣ ፈራጁም እርሱ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ችሎት ተከሳሹ ሁልጊዜ በነፃ ቢሰናበት ምን ያስደንቃል? ይሁን እንጂ ሌላ ችሎት ከፊታችን አለ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቂያማህ (75፡14-15) ሰው የቱንም ያህል ማመካኛ ቢደረድር እርሱ ራሱ በራሱ ላይ አስረጅ መሆኑን ይነግረናል። ይህ ማለት ሰበቡ ባዶ መሆኑን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን ምክንያት ሁሉ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ኢስላም እውነተኛውን ዑዝር የሚቀበል ሃይማኖት ነው። በሽተኛ ጾሙን ይፈታል፤ መንገደኛ ሰላቱን ያሳጥራል፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። ታዲያ አላህ የሚቀበለውን ዑዝርና ነፍስያችን የፈበረከችውን ሰበብ በምን እንለያቸዋለን? የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን የምንፈልገውም ሰበበኞችና እውነተኞች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጉዳይ ከተለዩበት የተቡክ ዘመቻ ነው።

የሰበብ ገበያ በመዲና

ጊዜው 9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 630 መሆኑ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና በስተሰሜን እጅግ ርቃ ወደምትገኘው ተቡክ እንደሚዘምቱ ለሕዝቡ አስታወቁ። በሌሎች ዘመቻዎች የሚሄዱበትን አቅጣጫ በግልጽ መናገር ልማዳቸው አልነበረም። በዚህ ጊዜ ግን መንገዱ ሩቅ፣ ሙቀቱ ኃይለኛ፣ ጠላቱም ብዙ በመሆኑ ሰው በቂ ዝግጅት እንዲያደርግ ሲሉ በይፋ ተናገሩ። ወቅቱ ደግሞ ፍሬ የበሰለበት፣ ከቤት ወጥቶ በበረሃ ከመጓዝ ይልቅ ጥላ ሥር መቀመጥ የሚጥምበት ነበር።

በዚህን ጊዜ የሰበብ ገበያው ደራ። አንዳንዶቹ ሙቀቱን ሰበብ አደረጉ፤ እርስ በርሳቸውም በዚህ ሐሩር አትውጡ ተባባሉ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባ (9፡81) የሰጣቸው መልስ የጀሀነም እሳት ከዚህ ሙቀት የበረታ መሆኑን የሚያስታውስ ነበር።

ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ የተፍሲር ሊቃውንት የሚጠቅሱት የጀድ ኢብን ቀይስ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርቦ እንዳይዘምት ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ለሴት ልቡ ደካማ መሆኑንና የሮማውያንን ሴቶች ቢያይ ፈተና ላይ እንዳይወድቅ መስጋቱን ገለጸ! የፍርሐትን ሽሽት የተቅዋ ካባ ደረበበት ማለት ነው። የቁርአኑ ምላሽ (9፡49) እንዲህ ያሉት ሰዎች ከፈተና እንሸሻለን ሲሉ በዚያው ቅጽበት ፈተናው ውስጥ መውደቃቸውን የሚያመለክት ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሰበብ ከዲን ቃላት የተሠራ ስለሆነ ብቻ ዲን አይሆንም። እንዲያውም አደገኛው ሰበብ ሃይማኖተኛ የሚመስለው ነው።

የከዕብ «ነገ»

ሙናፊቆች ሰበብ ቢያበዙ ያን ያህል አያስገርምም። ለኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ኢማናቸው በማይጠረጠር በአንድ ታላቅ ሰሃባ ታሪክ ውስጥ ነው። እኒህም ከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ናቸው። ከዕብ ከአንሷር ወገን፣ በዐቀባ ቃል ኪዳን ከገቡት አንዱ፣ በግጥማቸውም ኢስላምን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከተቡክ የቀሩበትን ሁኔታ በእርጅናቸው ዘመን ለልጃቸው የተረኩት ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም በሰፊው ዘግበውታል።

ከዕብ ስለ ራሳቸው ምንም ሳይደብቁ ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ እንደነበራቸው ጉልበትና ሀብት ከዚያ በፊት ኖሯቸው አያውቅም። ሁለት የመጓጓዣ ግመል በአንድ ጊዜ የኖራቸው ያኔ ነው። ሰዉ ሲሰናዳ እርሳቸውም ለመሰናዳት ጠዋት ጠዋት ይወጡ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ሳይሠሩ ይመለሳሉ። ለራሳቸው የሚሰጡትም ምክንያት የፈለግሁ ዕለት መሰናዳት እችላለሁ የሚል ነበር። ቀኑ ቀንን እየወለደ ሄደ። አንድ ጠዋት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሙስሊሞቹ ጋር ጉዞ ጀመሩ። ከዕብ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተሰናድቼ እደርስባቸዋለሁ አሉ። ነጋ፤ አልተሰናዱም። ዳግም ነጋ፤ አሁንም አልተሰናዱም። በመጨረሻ ሠራዊቱ ርቆ ሄደ፤ ነገሩም አበቃ።

ወገኖቼ! እስቲ ይህን ልብ በሉ። ከዕብ አንድም ቀን አልዘምትም አላሉም። እምቢታ በአንደበታቸው አልወጣም። በየቀኑ የነበራቸው ሐሳብ መዝመት ነበር። ያታለላቸው «አልሄድም» የሚለው ቃል ሳይሆን «እችላለሁ፤ ነገ» የሚለው ነበር። ከዕብን በሚያህል ሰሃባ ላይ ይህ ከደረሰ እኛ በምን ዋስትና ነው ተዝናንተን የምንቀመጠው?

ሦስት መለኪያዎች

ሱረቱ ተውባና የከዕብ ታሪክ አንድ ላይ ሲታዩ ሰበባችንን የምንመዝንባቸው ሦስት መለኪያዎች ይሰጡናል።

አንደኛ፦ ዝግጅቱ የት አለ?

አላህ (ሱ.ወ) ስለ ቀሪዎቹ ሲናገር (9፡46) መውጣትን በእርግጥ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ለእርሱ ስንቅና ዝግጅት ያሰናዱለት እንደነበር ይገልጻል። እንግዲህ የኒያ ማስረጃው ዝግጅት ነው ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት ራሳችንን እንጠይቅ። የፈጅር ሰላት ሲያመልጠን «እንቅልፍ አሸነፈኝ» እንላለን። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው በእርግጥ ዑዝር አለው። ነገር ግን እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ስንነካካ፣ ኳስ ስንመለከት አምሽተን፣ የሚቀሰቅሰን ሰውም ሆነ ደወል ሳናዘጋጅ ተኝተን ከሆነ ያሸነፈን እንቅልፍ ነው ወይስ እኛው ነን በገዛ እጃችን የተረታነው? ለሌሊት አውቶቡስ ዐሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ መድረስ ሲኖርብን እንዴት እንደምንሆን እናውቀዋለን። ሻንጣ ከማታው ይታሰራል፤ ለሦስት ሰው «ቀስቅሱኝ» ይባላል፤ ከደወሉም በፊት እንነቃለን። አውቶቡሱ ያገኘውን ዝግጅት ፈጅር ለምን አጣ?

ጫት የሚቅም ወንድማችንንም እንውሰድ። ስለ ጫት ሑክም ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ ተነጋግረውበታል፤ የሻፊዒው ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት ለብቻው ጽፈውበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ፈትዋ መስጠት የኛ ፋንታ አይደለም። ጥያቄያችን ስለ ሰበቡ ነው። ወንድማችን «ለኢባዳ ያነቃቃኛል፤ ኪታብ ለመቅራት ያግዘኛል» ይላል። ይሁን እንበለው። ታዲያ ኢባዳው የት አለ? ከዙህር በኋላ የተጀመረው በርጫ ዐስርን ወደ መጨረሻው ሰዓት ገፍቶ፣ መግሪብን በጥድፊያ አሰግዶ፣ ሌሊቱን ዓይን ሳይከደን አሳድሮ ልክ ፈጅር ሲደርስ በእንቅልፍ የሚጥል ከሆነ ያነቃው ለየትኛው ኢባዳ ነው? የተቀራው ገጽስ ስንት ነው? ለልጆች ደብተርና ለቤት አስቤዛ የጠፋው ገንዘብ ለዚህ ሲሆን በየቀኑ ከየት ይገኛል? ምክንያቱ ኢባዳ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታየው ኢባዳው በሆነ ነበር። ጫቱ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ምክንያቱም እርሱው ጫቱ ነው።

ሁለተኛ፦ ልባችን አዘነ ወይስ አረፈ?

ሱረቱ ተውባ ከዘመቻው የቀሩ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያሳየናል። አንዶቹ በመቅረታቸው የተደሰቱ ናቸው (9፡81)። ሌሎቹ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥተው የሚጓዙበት እንስሳ እንዲሰጣቸው የለመኑ፣ የሚሰጣቸው እንደሌለ ሲነገራቸው ግን የሚያወጡት ነገር በማጣታቸው ዓይኖቻቸው እንባ እያፈሰሱ የተመለሱ ድሆች ናቸው (9፡92)። የሲራ ጸሐፊዎች ሰባት ነበሩ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አልዘመቱም። ላይ ላዩን ላየ ሰው ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ አንዱ እየሳቀ፣ ሌላው እያለቀሰ ቤቱ መግባቱ ነው። አላህ የፊተኞቹን ሲወቅስ በኋለኞቹ ላይ ምንም ወቀሳ እንደሌለ አስታወቀ።

ይህ መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ዑዝር ባለን ጊዜ እንኳ ልባችንን ይፈትነዋል። ዶፍ ዝናብ ሲጥል ከመስጊድ ጀመዓ መቅረት የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ዝናቡ መምታት ሲጀምር በልባችን ምን ተሰማን? «ዛሬስ ጀመዓው አመለጠኝ» አልን ወይስ «እሰይ፣ ዛሬ ዑዝር ተገኘ» ብለን ብርድ ልብሱን ሳብን? የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ አስበን ታክሲ ስናጣ አዘንን ወይስ ተገላገልን? ዘካው የደረሰበት ነጋዴ «ገንዘቡ ዕቃ ላይ ነው ያለው፤ ዘንድሮ ሒሳቡ አልመችም» ሲል የሚያስበው ቀዳዳው ስለተገኘለት ነው ወይስ ሐቃቸው ስለዘገየባቸው ሚስኪኖች? ወገኖቼ፣ እውነተኛ ዑዝር ሸክም ነው፤ ያሳዝናል። ሰበብ ግን እፎይታ ነው። እፎይ ካልን ሁለተኛ እናስብበት።

ሦስተኛ፦ ሰበቡን የምናቀርበው ለማን ነው?

ወደ ከዕብ (ረ.ዐ) ታሪክ እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተቡክ መመለሳቸው በተሰማ ጊዜ ከዕብ ጭንቀት ያዛቸው። ከቁጣቸው በምን ልዳን እያሉ ውሸት ማሰላሰል ጀመሩ፤ ከቤተሰባቸው አስተዋይ የሆኑትንም አማከሩ። ነቢዩ ከተማዋ መቅረባቸው ሲነገር ግን ያ ሁሉ ሐሳብ ከውስጣቸው ጠፋ፤ በውሸት እንደማይድኑም ገባቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ገብተው ሁለት ረከዓ ሰግደው ተቀመጡ። ከሰማንያ በላይ የሆኑ ሰዎች እየቀረቡ ሰበባቸውን ደረደሩ፤ ማሉም። ነቢዩ የሁሉንም ላይ ላዩን ተቀብለው ምሕረት ለመኑላቸው፤ የውስጣቸውን ግን ለአላህ ተዉት። ከዚያ ከዕብ ቀረቡ። የመጓጓዣ እንስሳ ገዝተው እንዳልነበር ተጠይቀው ለምን እንደቀሩ እንዲናገሩ ታዘዙ። የከዕብ መልስ በዘመናት መካከል ሲያስተምር የኖረ ነው። ከሌላ የዱንያ ሰው ፊት ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ የንግግር ችሎታ ስላላቸው በአንድ ምክንያት እንደሚያመልጡ፣ ነገር ግን ዛሬ ዋሽተው ቢያስደስቷቸው አላህ ነገ እንደሚገልጠው፣ እውነቱን ተናግረው ቢያስቆጧቸው ግን የአላህን ምሕረት ተስፋ እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ከዚያም ምንም ዑዝር እንዳልነበራቸው፣ እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ጠንካራና ባለጸጋ ሆነው እንደማያውቁ አመኑ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ሰው እውነት መናገሩን መስክረው አላህ እስኪፈርድበት ድረስ እንዲሄድ አዘዙት።

ወጥተው ሲሄዱ ጎሳቸው ተከትሎ ወቀሳቸው። እንደ ሌሎቹ አንድ ሰበብ ብታቀርብ ምን ነበረበት፣ የነቢዩ የምሕረት ልመና ይበቃህ አልነበረም ወይ አሏቸው። ከብዛቱ የተነሳ ከዕብ ተመልሰው ራሳቸውን ሊያስተባብሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ዛሬም ሰበብ የሚያቀብል ወዳጅ አይጠፋም። «አንተ ምን አደረግህ፤ ሁሉም ያደርገው የለም እንዴ?» የሚለን ሰው የሚወደን ይመስለናል። እርሱ ግን ጥፋታችንን ሳይሆን ጸጸታችንን ነው የወሰደብን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ከዕብና እንደ እርሳቸው እውነት የተናገሩት ሁለት ደጋግ ሰዎች፣ ሙራራህ ኢብን ረቢዕና ሂላል ኢብን ኡመያህ፣ ለአምሳ ሌሊት ተገለሉ። ሰው አላናገራቸውም። የከዕብ የቅርብ ዘመድና ወዳጅ አቡ ቀታዳህ እንኳ ሰላምታቸውን አልመለሱም። የገሳን ንጉሥ ይህን ሰምቶ ወደኛ ና የሚል ደብዳቤ ቢልክላቸው ሌላ ፈተና መሆኑን ተረድተው እሳት ውስጥ ጨመሩት። በአምሳኛው ሌሊት ማግስት ፈጅር ሰግደው ቤታቸው ጣራ ላይ ሳሉ ከሰልዕ ተራራ የምሥራች ድምፅ ተሰማ፤ ከዕብም ሱጁድ ወረዱ። አላህ የሦስቱን ተውበት መቀበሉን በቁርአን አወረደ (9፡118)። ቀጥሎም ምእመናን ከእውነተኞች ጋር እንዲሆኑ አዘዘ (9፡119)።

አሁን ሒሳቡን እናስላው። ሰማንያዎቹ በአንድ ጠዋት ተገላገሉ፤ ሦስቱ አምሳ ሌሊት ተቃጠሉ። ግን የማን ስም ነው እስከ ቂያማ በመልካም የሚነሳው? ከዕብን ያዳናቸው አለመሳሳታቸው አልነበረም፤ ተሳስተዋልና። ያዳናቸው ስሕተታቸውን ስሕተት ብለው መጥራታቸው ነው። «ዑዝር የለኝም» ያለ ሰው ወደ ተውበት አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ሰበብ ያለው ሰው ግን ከምን ይቶብታል? በእርሱ ሒሳብ ጥፋት የለማ!

«አላህ መሐሪ ነው»

በመጨረሻ ከሰበቦች ሁሉ ትልቁን እናንሳ። አላህ መሐሪ መሆኑ ሐቅ ነው፤ ከምሕረቱ ተስፋ መቁረጥም የተከለከለ ነው። ነገር ግን ይህን ሐቅ መቼ ነው የምናስታውሰው? ወደ ኃጢአት ስንሄድ ነው ወይስ ከኃጢአት ስንመለስ? ከዕብም የአላህን ምሕረት ተስፋ አድርገዋል፤ ተስፋቸው ግን እውነትን ተናግረው፣ ዋጋዋንም ለመክፈል ቆርጠው የተናገሩት ነበር።

ኢማሙ ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) ኢሕያእ ዑሉሙዲን በተባለው ታላቅ ኪታባቸው ውስጥ ራስን ስለማታለል ለብቻው የጻፉት ክፍል አላቸው። ተስፋንና መታለልን የሚለዩትም በገበሬ ምሳሌ ነው። መሬቱን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ ዝናቡን ከአላህ የሚጠብቅ ገበሬ ባለተስፋ ነው። ሳይዘራ ምርት የሚጠብቅ ግን ሞኝ ነው። ደግሞስ ሪዝቅ ሰጪውም ያው አላህ ነው። ይሁንና «አላህ ረዛቅ ነው» ብሎ ሱቁን ዘግቶ የሚቀመጥ ነጋዴ በመርካቶ አይተናል? ለዱንያው ሲሆን ማልዶ የሚከፍት፣ ለአኼራው ሲሆን ብቻ «አላህ ያውቃል» የሚል ሰው በአላህ ተማምኖ ሳይሆን በነፍስያው ተታሎ ነው።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን ብዙ ጊዜ የምንደጋግማትን አንዲት ሰበብ እንምረጥ። ሁሉንም ሳይሆን አንዲቱን ብቻ። ዝግጅቱ የት አለ? ልቤ አዘነ ወይስ አረፈ? ይህንኑ ቃል ነገ አላህ ፊት ቆሜ እደግመዋለሁን? ብለን እንጠይቃት። ሦስቱንም ካለፈች ዑዝር ናትና አላህ ይቀበላል፤ ራሳችንንም በከንቱ አናስጨንቅ። ካላለፈች ደግሞ ከዕብ እንዳደረጉት «ያ አላህ፣ ዑዝር የለኝም» እንበል። ይህች አጭር ቃል ለነፍስያ እጅግ መራራ ናት። ከአምሳ ሌሊት በኋላ ግን ከዕብ (ረ.ዐ) አላህ ወደ ኢስላም ከመራቸው ወዲህ ያችን እውነት የሚበልጥ ጸጋ እንዳላገኙ መስክረዋል።

አላህ (ሱ.ወ) ከእውነተኞች ጋር ያድርገን። ድክመታችንን አይተን የምንመለስ እንጂ በሰበብ ሸፍነን የምንቆይ አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።